ለሁለቱም ዳስ የሚሆን ሽሮፕ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የቢቸናው ሆቴል ባልደረቦቼ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ሥራ ለሌለው ሰው ሰዓት ምን ያደርግለታል ብለው እንዳሰቡ አላውቅም፤ ብቻ አመስግኜ ተቀበልኩ። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፣ ደግ ነው። «ጋሽ ደምሴ፣ ሌላ የሚፈልጉት ነገር ካለ ይንገሩን» ሲለኝ፣ ትንሿን ድስት ስጡኝ አልኩት። ከመጠጥ መደርደሪያው ጀርባ ስትንገላታ የኖረች፣ አንድ ጆሮዋ የተነቀለ፣ ጎኗ የተጨረመተ ድስት ናት።

«ይቺን ምን ሊያደርጓት ነው?»

«ስኳር አፈላባታለሁ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ግን የምሬን ነበር።

ባለቤቴ ስንዱ ድስቷ ከጋቢው ውስጥ ስትወጣ አይታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ወደ አርባ ዓመት ሠርተህ ይዘኸው የመጣኸው ይህን ነው? አሁን ደግሞ ጓዳዬን ቡና ቤት ልታደርገው!» አለች። የስንዱን ቁጣ ስለማውቀው ድስቷን ከዕቃዎቿ አጠገብ ሰቀልኳት። በማግሥቱ በአመድ ታሽታ፣ አብርታ አገኘኋት። የጡረታው ወረቀት ሁለት ወር ያህል አመላልሶኝ አለቀ፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም። ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ድስቷ ነው።

እኔ ባርማን ነበርኩ። በእኛ አካባቢ ባርማን ሲባል ሰው የሚታየው ቢራ ከፋች ነው። እውነትም ብዙ ቢራ ከፍቻለሁ። ከሥራዬ የምኮራበት ግን ሽሮፕ ነው። ሽሮፕ ስል የሳል መድኃኒት የሚመስላችሁ ትኖሩ ይሆናል፤ ስንዱም በመጀመሪያ እንደዚያ መስሏት ነበር። ይህኛው ስኳር በውሃ ፈልቶ፣ ጠርቶ፣ በጠርሙስ ተከድኖ የሚቀመጥ ነው። ኮክቴል የሚባለውን ድብልቅ መጠጥ፣ አልኮል ያለውንም የሌለውንም፣ እርስ በርሱ የሚያስማማው እሱ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ሞጣ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝ ሲል፣ ከቢቸና ተነሥቼ በደብረ ወርቅ በኩል አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ከመናኸሪያው ብዙም የማይርቅ አንድ ሆቴል ብርጭቆ አጣቢ አድርጎ ቀጠረኝ። የባሕር ዳር ሚኒባስ የሚጠብቅ መንገደኛ፣ ከየአገሩ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ፣ ነርስና መሐንዲስ የሚውለው እዚያ ነበር። የመጠጥ ክፍሉን የያዙት ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ብዙ ዘመን ሠርተው፣ ደረታቸውን ሲያማቸው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ቀጭን ናቸው፤ ዘወትር ነጭ ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ ሲናገሩ ድምፃቸውን አያነሡም።

አንድ ቀን ብርጭቆ ሳጥብ ጠሩኝ። «ደምሴ፣ እጅህን አድርቀህ ና። ይህን ሎሚ ጨምቅ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምር፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር አድርግና አማስል።»

አደረግሁ።

«አሁን ጠጣው። እስከ መጨረሻው።»

ሎሚው ፊቴን አጨማደደው። ሥሩ ስደርስ ደግሞ ስኳሩ አሸዋ ሆኖ ጥርሴ ላይ ተንኮሻኮሸ።

«አየህ፣» አሉኝ፣ «እንግዳህን መጀመሪያ አኮመጠጥከው፣ መጨረሻ ላይ አሰለቸኸው። መካከሉ የታለ? ስኳር በቀዝቃዛ ነገር በቀላሉ አይሟሟም። አስቀድመህ በእሳት ከውሃው ጋር አስታርቀው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የድስት ተማሪ ሆንኩ። ጋሽ ወልዴ ሚዛን አልነበራቸውም፤ አንዲት ወፍራም ብርጭቆ ነበረቻቸው። በእሷ አንድ ስኳር፣ በእሷው አንድ ውሃ። ስኳሩን በሌላ፣ ውሃውን በሌላ ብርጭቆ ለክቶ የተገኘ ሰው ወዮለት! ስኳሩን አስቀድመው ትሪ ላይ በትነው ገለባና ጉንዳን ይለቅማሉ። እሳቱን ዝግ ያደርጉታል። ስኳሩ እስኪሟሟ ያማስላሉ፤ መፍላት ሲጀምር ግን ማንኪያው ይወጣል። እጄ ወደ ማንኪያው ሲሄድ ካዩ «ተወው፣ አትነካካው» ይሉኛል። የድስቱን ጎን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋሉ፤ እዚያ ከደረቀች አንዲት ቅንጣት ስኳር ተነሥቶ ሽሮፑ ተመልሶ ስኳር ሆኖ ሊረጋ ይችላል። ጥቂት ጠብታ ሎሚም የሚጨምሩት እንዳይረጋ ነው። ጠርሙሱ ተቀቅሎ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደፍቶ ይጠብቃል። ሲሞላ ፕላስተር ይለጠፍበትና የፈላበት ቀን ይጻፍበታል።

ከመቅዳታቸው በፊት ደግሞ ያሸቱታል። ጠዋት ያሸተቱትን ከሰዓት በኋላ ይደግሙታል። አንድ ጊዜ ሙሉ ጠርሙስ ሲደፉ አይቼ አላስቻለኝም።

«ጋሽ ወልዴ፣ እኔ እኮ ምንም አልሸተተኝም!»

«እኔም አልሸተተኝም። ግን ተጠራጠርኩት። የተጠራጠርኩትን ነገር ለሰው አልሰጥም» አሉኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አልኮል ለማይጠጡ ሰዎች የሚሆኑ ብርጭቆዎች ከሥራቸው ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው ለብቻ ይቀመጣሉ። የሚታጠቡበት ሳፋ ሌላ፣ የሚወለወሉበት ፎጣ ሌላ ነው። አንድ አስተናጋጅ በችኮላ ሰማያዊውን ብርጭቆ አረቄ ቀድታበት ስታመጣው፣ ጋሽ ወልዴ ብርጭቆውን ተቀብለው ሰባበሩት። አልተቆጧትም። ብቻ ሰበሩትና ጠረጉት። ሞጣ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ያለባት ከተማ ናት፤ ሰው አምኖህ አፉ ላይ የሚያደርገውን ዕቃ አታቀላቅልበት ነበር ነገሩ።

በሁለተኛው ዓመት መደርደሪያውን አብሬያቸው ያዝኩ። ከጅማ ተመድቦ የመጣ አንድ ሐኪም ነበር፤ ገና ወጣት፣ አገሩ የናፈቀው። አንድ ቀን መጣና ስሙን የማላውቀው መጠጥ አዘዘኝ። ምን እንደሚገባበት ብጠይቀው ናና፣ ሎሚ፣ ስኳርና ሶዳ አለኝ። ናናው ከአክስቴ ጓሮ መጣ። ትኩስ ሽሮፕ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ነከርኩት፤ ሲቆይ እንደሚመርር ስለማውቅ ቶሎ አወጣሁት። ሐኪሙ አንድ ጊዜ ተጎነጨና ብርጭቆውን አስቀመጠ። ተበላሽቶብኝ እንደሆነ ብጠይቀው «አይ፣ እህቴ የምትሠራውን መሰለኝ» አለ። ከዚያ በኋላ የሥራዬ ትርጉም ምን እንደሆነ ሰው ሊነግረኝ አላስፈለገም።

ከሆቴሉ ፊት ለፊት ሐጂ ሰይድ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። በየቀኑ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ መንገዱን ተሻግረው ይመጡና፣ ከመጠጡ ራቅ ባለው የበረንዳ ጥግ ይቀመጣሉ። የእሳቸው መጠጥ የዝንጅብል ሽሮፕ በሎሚ ነበር። ዝንጅብሉን ወቅጬ ከስኳሩ ጋር አፈላዋለሁ፣ አንድ ሁለት ፍሬ ኮረሪማ እጨምርበታለሁ፣ አጠልለዋለሁ። ሁለት ጣት ሽሮፕ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፤ በሰማያዊው ብርጭቆ። «ወላሂ፣ ይህ ነገር የደከመ እግር ያስነሣል» ይሉኝ ነበር። ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ወዳጄ ነበሩ ብል አላጋነንኩም።

የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲድሩ አስጠሩኝ። በእኛ አገር እንደሚታወቀው የሠርግ ሥጋ ለየብቻ ነው፤ የክርስቲያኑ በክርስቲያን፣ የእስላሙ በእስላም ይታረዳል፣ ዳሱም ለየብቻ ይጣላል። ማንም አይቀየምበትም።

«ሥጋው ተለያይቶ ይቅረብ፣ የኖርንበት ነው» አሉኝ ሐጂ። «መጠጡን ግን አንድ አድርግልኝ፣ ደምሴ። ያቺን ዝንጅብል። ከአንድ ዕቃ ተቀድታ፣ በሁለቱም ዳስ ያለው ሰው እኩል ይጠጣት። ጾመኛውም ይጠጣታል፣ የኛም ሰው ይጠጣታል። ጎረቤቶቼን በአንድ ነገር እንኳ አንድ ላይ ላስተናግዳቸው።»

ደረቴ ተነፋ። ጋሽ ወልዴ ለሕክምና ባሕር ዳር ሄደው ነበር፤ እኔ ራሴን ችዬ የምሠራው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነው። ችግሩ ጠርሙስ አልበቃ አለኝ። ይህን ያህል መጠጥ በምን አስቀምጠዋለሁ ስል፣ ከሆቴሉ ጓሮ ዓመት ሙሉ ባዶውን ተደፍቶ የቆየ ትልቅ ጋን አየሁ። ድሮ ጠጅ ይጣልበት ነበር። ዓመት ሙሉ ፀሐይ መትቶታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በግራዋ አሸሁት፣ ደጋግሜ አጠብኩት፣ በወይራ አጠንኩት። እናቶቻችን ዕቃ የሚያጸዱት እንደዚያ አይደል? ሽታው ራሱ ልብ ያርሳል። ሽሮፑን አፈላሁ፤ በሠርጉ ቀን እንዳልቸኩል ብዬ ሎሚውንም ውሃውንም ከሦስት ቀን በፊት አቀላቅዬ ጋኑ ውስጥ ሞላሁት።

ብርጭቆውን እንኳ የሚሰብሩ ሰው ያስተማሩኝ እኔ፣ ብርጭቆውን ለይቼ ዕቃውን አልለየሁም። ዛሬም ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

በሠርጉ ጠዋት ስከፍተው ከላይ ትንሽ አረፋ ነበረው። የዝንጅብሉ ነው ብዬ ገፈፍኩት። ቀመስኩት፤ ምላስ ቆንጠጥ ያደርጋል። እንዲያውም ከሌላው ቀን በልጦ ጣፈጠኝና ደስ አለኝ። አሸተትኩትም፤ ግን ጠጅ በተደረደረበት ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው ያሸተትኩት። እዚያ ቤት ጠጅ ጠጅ የማይሸት ነገር የለም፤ አፍንጫዬ ከለመደው ቆይቷል።

ሁለቱ ዳሶች ሞልተዋል። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለሐጂ ሰይድ ሰጠኋቸው፤ አጠገባቸው የሙሽራው አባት ተቀምጠዋል። አስተናጋጆቹ በሁለቱም በኩል መቅዳት ጀምረዋል። ሐጂ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ። ገታ አሉ። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አቀረቡ፤ ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡትና በመዳፋቸው ከደኑት።

«ደምሴ፣» አሉኝ በዝግታ፣ «ይህ ነገር ፈልቷል። ጠጅ ጠጅ ይላል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ተነሥተው ቆሙና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ወንድሞቼ፣ መጠጡ ተበላሽቷልና ብርጭቆውን አስቀምጡልኝ። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ውሃ ይምጣ» አሉ። የቀመሰም ነበር፣ ያጋመሰም ነበር። የሙሽራው አባት ፊታቸው ጠቁሮ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ሽማግሌዎች ለምነው መለሷቸው። ሠርጉ እንደ ምንም አለቀ። ጥፋቱ የኔ ነው ያሉት ነገር ግን ቢሰድቡኝ ኖሮ ከሚያመኝ በላይ አመመኝ። በልጃቸው ሠርግ፣ በአማቾቻቸው ፊት፣ የኔን ጥፋት ተሸከሙልኝ።

ጋሽ ወልዴ ሲመለሱ ሁሉን ነገርኳቸው። መቆጣት ሲገባቸው ጋኑን ዞር ዞር እያሉ አዩት። ከዚያ ትኩስ የዝንጅብል ሽሮፕ አስፈሉኝና፣ በውሃና በሎሚ አቅጥነን ግማሹን በተቀቀለ ጠርሙስ፣ ግማሹን እንደገና አጥቤ ባጠንኩት ጋን አስቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ውጭ አውጥተው፣ ከመጠጥ ክፍሉ አርቀው አስሸተቱኝ። የጠርሙሱ ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል። የጋኑ ጠጅ ሊሆን ጀምሯል።

«ሸክላ ውስጡ ይጠጣል፣ ልጄ» አሉኝ። «አንተ ያጠብከው ላዩን ነው። የጠጁ እርሾ እዚያው ተኝቶ ነበር፤ ስኳርና ውሃ ስትሰጠው ነቃ። ወፍራም ሽሮፕ ብቻውን ቢሆን ይከብደው ነበር፤ አንተ ግን አቅጥነህ አነጠፍክለት። ሁለተኛ፣ አፍንጫህ የሚሠራበትን ቦታ ምረጥ።»

ሐጂ ሰይድ ዘንድ፣ ሱቃቸው ድረስ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝ። «አውቀህ አላደረግከውም፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉኝ፣ ከልባቸው ነው። መምጣታቸውንም አልተዉም። ግን ዝንጅብሉን ተዉት፤ ሻይ ሆነ የሚያዙት። ደግሞም አንድ ነገር ጀመሩ፤ እኔ የሰጠኋቸውን ማንኛውንም ነገር፣ ሻይም ይሁን ውሃ፣ አፋቸው ላይ ከማድረጋቸው በፊት ለአፍታ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል። የሚያውቁትም አይመስለኝም። ሌላ አስተናጋጅ ሲሰጣቸው አያደርጉትም። ከዚያ በኋላ ሞጣ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ያችን ነገር ቆሜ አየኋት። ይቅር የተባለ ሰው ነበርኩ፤ የታመነ ሰው ግን አልነበርኩም።

አባቴ ሲታመሙ ወደ ቢቸና ተመለስኩና ጡረታ የወጣሁበት ሆቴል ዋና ባርማን ሆንኩ። ስንዱን ያገባሁትም እዚሁ ነው። ብዙ አለቃ ተፈራረቀብኝ። አንዱ ሽሮፕ ማፍላት ጊዜ ማባከን ነው ብሎ፣ እንደ ቀለም የሚያበራ ፋብሪካ ሠራሽ ነገር በካርቶን አስመጣ። ለእሱ አንድ ብርጭቆ ከዚያኛው፣ አንድ ብርጭቆ ከእኔ ሠርቼ አቀረብኩለት። የእኔን ጨርሶ የዚያኛውን ትቶት ወጣ፤ ካርቶኑም ጓዳ ቀረ። ጋሽ ወልዴ ደረታቸው በመጨረሻ አሸነፋቸው። ለቀብራቸው ሞጣ ስሄድ ልጃቸው ያችን ወፍራም ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ሚኒባስ ውስጥ እስከ ቢቸና ድረስ ጭኔ ላይ ይዣት አለቀስኩ።

አሁን ጡረታ ላይ ድስቷም ብርጭቆዋም ቤቴ ገብተዋል። የስንዱ ጓዳ፣ እንደፈራችውም፣ ቡና ቤት ሆኗል። ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ተመድበው የመጡ አስተማሪዎችና ነርሶች ይመጣሉ፤ ቤታቸው ለእንግዳ የሚያቀርቡትን መማር ይፈልጋሉ። አስቸጋሪ ነገር የለውም እላቸዋለሁ። ድስት ካላችሁ፣ አንድ ብርጭቆ ካላችሁ፣ ትዕግሥት ካላችሁ ይበቃል። ማር የምትጠቀሙ ከሆነ አታፍሉት፤ በለብ ያለ ውሃ እኩል በእኩል አሟሙት፣ ሽታው እንዳይጠፋ። ከርከዴ የሚሉት ደረቅ አበባ ውብ ቀለም ይሰጣችኋል። ጤና አዳም አንዲት ቅንጥብ ትበቃለች፤ ከበዛች መድኃኒት ትሆናለች። አልኮል ለሚጠጣ እንግዳ ሁለት እጅ ጂን ወይም ጥሩ አረቄ፣ አንድ እጅ ሎሚ፣ አንድ እጅ ሽሮፕ፤ ክዳን ባለው የማርማላታ ጠርሙስ ከበረዶ ጋር እጃችሁ እስኪቀዘቅዝ ናጡት። መብራት ጠፍቶ በረዶ ከሌለም አትዘኑ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይሠራል። አንድ ለአንድ የፈላውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና በሁለት ሳምንት ጨርሱት፤ ስኳሩን እጥፍ ካደረጋችሁት ቆየት ይላል። አልኮል ለማይጠጣ እንግዳ ደግሞ ብርጭቆውን ለዩ። ይህን ስናገር ድምፄ ይጠነክራል፤ ተማሪዎቼ ለምን እንደሆነ አያውቁም።

ቀማሻችን ስንዱ ናት። አልኮል በአፏ ዞሮ አያውቅም፣ ቡና ቤትም ቆማ አታውቅም፤ አፍንጫዋ አይሳሳትም። እኔ በራሴ አፍንጫ መተማመን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ጠርሙስ ከፍታ «ይሄ ነገር ዛሬ አልጣመኝም» ካለች ሳልከራከር እደፋለሁ።

በአንዱ ቅዳሜ ከመጡት መካከል በቢቸና ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። ሌሎቹ ሲሄዱ እሷ ቀረች።

«ጋሽ ደምሴ፣ አላወቁኝም መቼም። ዘይነባ እባላለሁ። የሞጣው የሐጂ ሰይድ የመጨረሻ ልጅ ነኝ።»

የያዝኩት ማንኪያ ከእጄ ወደቀ። ያኔ ጡት እንኳ ያልጣለች ልጅ ነበረች።

«ላገባ ነው» አለችኝ። «ሠርጉ ሞጣ ነው። ያችን ለሁለቱም ዳስ የምትሆነውን መጠጥ እንዲሠሩልኝ ነው የመጣሁት።»

«አባትሽ ያውቃሉ?»

«እሳቸው ናቸው የላኩኝ። እንደ ደምሴ ዝንጅብል የሚያስማማ ሰው ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም ይላሉ ሁልጊዜ።»

«ያንን ቀንስ? የእህትሽን ሠርግ?»

«እሱን የነገረችኝ እናቴ ናት። አባቴ ሲያነሡት ሰምቼ አላውቅም።»

አሰላስዬ እነግርሻለሁ አልኳት። እንደወጣች ስንዱ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ሁሉን ሰምታለች። ለእሷ በተጋባን ዓመት ነግሬያት ነበር።

«ምኑን ነው የምታሰላስለው?»

«እጄ ቢሳሳትስ? ሁለተኛ በአንድ ሰው ቤት? በዚያ ዕድሜያቸው?»

«አንተ ሰውዬ፣ የሐጂ ሰይድ ብርጭቆ በሐሳብህ ሆኖ ከእኔ ጋር እኩል በዚህ ቤት ኖሯል» አለች። «ሂድና ገላግለን። እኔም አፍንጫዬን ይዤ እመጣለሁ።»

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞጣ ገባን። ከቢቸና ምንም የፈላ ነገር አላመጣሁም፤ ድስቷን፣ የጋሽ ወልዴን ብርጭቆና አዳዲስ ጠርሙሶች ብቻ። ሽሮፑን ያፈላሁት በሐጂ ቤት፣ በራሳቸው ጓዳ፣ በሴቶቹ ፊት ነው። ድስቷ ትንሽ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ደጋግሜ አፈላሁ፤ ትልቅ ድስት እንስጥህ ቢሉኝም እምቢ አልኩ። ስኳሩን እጥፍ አደረግሁት። ሎሚም ውሃም ሳይነካው ወፍራሙን በጠርሙስ አሸግሁት። በሠርጉ ጠዋት ስንዱ እያንዳንዱን ጠርሙስ ግቢው መካከል፣ አየር ላይ ወስዳ ከፈተችው። አንዱን ወደ ጎን ለየችው።

«ምን ሆነ?»

«እንጃ። ምናልባት ምንም አልሆነ።»

ደፋሁት። የዘይነባ እናት ከሩቅ እያዩ ነበር፤ እሺ እንደሚል ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሎሚና ውሃውን ያቀላቀልኩት ሰው ዳስ ከገባ በኋላ ነው።

ሐጂ ሰይድ አርጅተዋል። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መካከል አቁመው በዳሱ መግቢያ ተቀምጠዋል፤ ከዚያ ሆነው ሁለቱም ዳስ ይታያቸዋል። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሞልቼ ወሰድኩላቸው። ጆጉን በአንድ እጄ፣ ብርጭቆውን በሌላው እጄ ይዤ ጎንበስ አልኩ።

«ደምሴ ነህ? ሸብተሃል እኮ!» አሉኝ ሳቅ ብለው፣ ብርጭቆውን ተቀበሉኝ።

አፍንጫቸውን ጠበቅሁ። ያችን ለአፍታ የምትቆም እጅ ጠበቅሁ። ሐጂ «ቢስሚላህ» አሉና ብርጭቆውን በቀጥታ ወደ አፋቸው ወሰዱት። እስከ ግማሹ ጠጡት። ጺማቸውን በእጃቸው ጠረግ አደረጉ፣ ደግመው ጠጡ።

እኔ እንደቆምኩ ቀረሁ።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አሉኝ። «ሰው ጠምቶታል እኮ! ወደዚያኛውም ዳስ ውሰድላቸው እንጂ!»

ጆጉን ይዤ ወደ ክርስቲያኖቹ ዳስ ተሻገርኩ። ስቀዳ ፊቴ ርሶ ኖሮ፣ አንድ ቄስ ምን ሆንክ ልጄ ብለው ጠየቁኝ። ስንዱ ከጎኔ ደረሰችልኝ።

«ምንም አልሆነም፣ አባ፤ ዝንጅብል ሲልጥ በነካው እጁ ዓይኑን አሽቶት ነው» አለች፣ ብርጭቆውንም ሞልታ ሰጠቻቸው።